«አንድ ደቂቃ ብቻ»

እኛ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የምንሠራ፥ ማታ ደግሞ ከእናንተ ጋራ አብረን የምንማር ሁለት ሰዎች ነን። ባለፈው ሰሞን መምህሩ ስማችንን ሁለት ጊዜ ሲጠሩ እንቅልፍ ይዞን ሳንሰማ መቅረታችንን አይታችሁ ምክንያቱን ጠይቃችሁን ነበርና፥ መልሱን በዚህ ገጽ ልንሰጣችሁ አሰብን። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አንጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ነገ በምትገቡበት ቤት ይኸው ነገር ስለሚጠብቃችሁ ስሙ ምንም አይጠቅማችሁም።

የሥራ ዝርዝራችን አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሰርቨሩን መጠበቅ፥ ኔትወርኩ እንዳይቋረጥ መከታተል፥ የመረጃውን ቅጂ ዓርብ ዓርብ ማስቀመጥ፥ የተበላሸ መሣሪያ በጥያቄ ቅጽ ሲቀርብልን መጠገን፤ በቃ ይኸው ነው። ቅጹም ተባዝቶ በየክፍሉ ታድሏል። ዳሩ ግን ቅጽ ሞልቶ የሚመጣ ሰው በወር ከአራትና ከአምስት አይበልጥም። የቀረው ሁሉ የሚይዘን ኮሪደር ላይ ነው።

«ወንድም ዓለም፥ አንድ ደቂቃ ብቻ!»

አንዱ ፍላሹ ውስጥ የነበረው ሥራ ሁሉ ጠፋ ይላል። (ብዙውን ጊዜ አልጠፋም። ቫይረሱ ዶሴዎቹን ይደብቅና በስማቸው ሐሰተኛ አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱም አቋራጩን በተጫነ ቁጥር ቫይረሱን በገዛ እጁ ወደ ኮምፒዩተሩ ይጋብዛል። አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፈን የተደበቀውን ስናወጣለት ግን እንደ ጠንቋይ ያየናል።) ሌላው ፕሪንተሩ አላትም አለ ይላል፤ ሄደን ስናይ ገመዱ ተነቅሎ በቦታው የሻይ ማፍያ ተሰክቷል። ከዚህ በኋላ የግል ጉዳይ ይከተላል፤ የልጅን የልደት ፎቶግራፍ ከአሮጌ ስልክ ወደ አዲስ ማዛወር፥ የተረሳ የፌስቡክ ፓስወርድ መፈለግ። አንድ የክፍል ኃላፊማ ቅዳሜ ከቤታቸው ድረስ ጠርተው ዲሽ አስተካክሉልኝ ብለውናል። ለካ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ጣራ መውጣትም ያውቃል!

ለምን እምቢ አትሉም ትሉን ይሆናል። እስቲ እናንተ በሉ! ደመወዝ የሚከፍላችሁን ሰው እምቢ በሉ። «ልጆቼ» እያሉ ከቤታቸው ድፎ ዳቦ ቆርሰው የሚያመጡላችሁን እትዬን እምቢ በሉ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በሥራ ዝርዝር ላይ ባይጻፍም ከዝርዝሩ ሁሉ ይከብዳል። ደግሞ እውነቱን ከተናገርን አይቀር ምስጋናው ይጥመናል። ሰርቨሩ በደኅና ስላደረ ያመሰገነን ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ፎቶግራፉ የተገኘለት ግን ቡና ይጋብዛል። ስለዚህ የማይታየውን ሥራ ነገ እንሠራዋለን እያልን የሚታየውን ስንሠራ ከረምን።

በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። እሳቸው ቅጹን ሞሉ፤ አንድም መስመር ሳይዘሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞሉት። አዲስ ኮምፒዩተር ከተሰጣቸው ወዲህ የማኅደር ማውጫቸው አልነበብ ብሏል። ተቀብለን በጠረጴዛችን ላይ ካለው ቅርጫት ከተትነው፤ እዚያው ሦስት ሳምንት ቆየ። በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ ሰጥተውን ያልፋሉ እንጂ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሡብንም። ቅጽ የሞላ ሰው ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል ብለው ያምናሉ።

በአራተኛው ሳምንት የፕሪንተር ቀለም ልንቀይር ወደዚያ ፎቅ ስንወርድ፥ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከመስኮቱ ፊት ቆመው አገኘን። ለጡረታቸው የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ፈልገው ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው፤ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ማኅደራቸው በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚናገረው ያ የማይነበበው ማውጫ ብቻ ነበር። እናታችን የት አሉ ብለን ስንፈልግ መሰላል ላይ ናቸው፤ መደርደሪያውን አንድ ባንድ በእጃቸው ሲበረብሩ ሰንብተዋል።

ኮምፒዩተሩን ስንከፍት ገጹ በፈረንጅ ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክት ተሞልቷል። የነገሩ ምሥጢር ቀላል ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ በአገራችንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፥ አማርኛ የሚጻፈው የፈረንጁን ፊደል ቁጥር በመዋስ ነበር። የተጻፈው «ሀ» በማሽኑ ሆድ ውስጥ የፈረንጅ ምልክት ነው፤ «ሀ» መስሎ የሚታየው አሮጌው ፎንት በዚያ ኮምፒዩተር ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ግን ውሰቱ ይጋለጣል። አሮጌውን ፎንት ጫንን። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የሽማግሌው ስም ወጣ፤ መደርደሪያ 14።

«ሥራ በዝቶባችሁ እንደ ነበር አውቃለሁ፥ ልጆቼ» አሉን እናታችን ከመሰላሉ ወርደው አቧራቸውን እያራገፉ። ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁን እኛ ያን ጊዜ የምናስበው የዚያን ቅዳሜ ዲሽ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅርጫቱን ሳናራግፍ ኮሪደር ላይ አንቆምም። «ቅጽ ይሙሉልን» ስንል ትዕቢተኞች ተብለናል፤ የዲሹም ባለቤት ሰላምታ ነሥተውናል። ቡናውም ቀርቷል። አሮጌው ፎንት ዘላቂ መፍትሔ ስላልሆነ ማውጫውን ወደ ዩኒኮድ እየለወጥን ነው። ለዋጩ ፕሮግራም አንዳንድ ስም ያበላሻልና ስም በስም ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ይህንንም ከትምህርት በኋላ ወደ ቢሮ ተመልሰን፥ ዘበኛው እያጉረመረሙ ከፍተውልን፥ ሌሊት እንሠራዋለን። 40 ገጽ ያህል ቀርቶናል። እስኪያልቅ ድረስ መምህሩ ስማችንን ሲጠሩ፥ ከጎናችን የተቀመጠ ሰው በክርኑ ጎሸም ቢያደርገን አንቀየምም።