ባትሪ የሚበላው ማን ነው?

ሸጎሌ ቁልቁለት ላይ የቆመ አሮጌ ኤንፒአር የጭነት መኪና ካየሁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ጎማው ሥር ነው። ድንጋይ ካለ ባትሪው አይታመንም ማለት ነው። ሾፌሩ ማታ ሲያቆመው የጠዋቱን መነሻ አስቦ ነው፦ ረዳቱ ድንጋዩን ያነሳል፣ መኪናው ይንሸራተታል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ይለቀቃል፣ ሞተሩ ይነሳል። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ተቆርቁራ ቢሆን ኖሮ ባትሪ ሻጮች ከዚህ የበለጠ በከበሩ ነበር።

*

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት መኪና በሞተሪኖ አትነሳም ነበር። የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪኖች ላይ ለገበያ የቀረበው እንደ ፈረንጆቹ በ1912 ነው። ከዚያ በፊት መኪና በብዙ ነገር ሊቆም ይችል ነበር፤ ሞተሪኖ የሚያዞር ባትሪ ስለወረደ ግን አይቆምም ነበር።

*

ጋራዥ በር ላይ የሰማሁት፦

«ምን ቀየርክ?»

«ምንም አልቀየርኩም ጋሼ። አገኘሁት እንጂ።»

«ታዲያ ለናስትሮ ነው ይሄን ሁሉ የምከፍለው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ግማሽ ቀን ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ፣ ብረት የላጠውን አንድ ሽቦ አግኝቶ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ባለንብረቱ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሁለት ባትሪ ሲገዛ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባትሪ በእጅ ይያዛል፣ ይከብዳል፣ ደረሰኝ አለው፤ አሮጌው እንኳ ለእርሳሱ ሲባል ገዥ አያጣም። ፍለጋ ግን አይታይም። እኛ ለዕቃ እንጂ ለማወቅ መክፈል አልለመድንም። መካኒኩም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ከመፈለግ መቀየር ይቀለዋል።

*

ፍለጋው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። ቁልፍ ይነቀላል፣ መብራት ይጠፋል፣ በር ይዘጋል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታና በገመዱና በባትሪው መካከል ቴስተር ይገባል፣ 10 አምፔር ላይ ተደርጎ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ የሚያዞር ረዳት የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል፤ ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ዘመናዊ መኪና ተኝቶም እስከ 50 ሚሊአምፔር ገደማ ቢወስድ ይታለፋል። ኮምፒውተር የሌለው አሮጌ ዲዝል ግን ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት።

ቴስተሩ ግማሽ አምፔር አሳየ እንበል። ፊውዝ በተራ ይነቀላል፤ ቁጥሩ የወደቀበት ፊውዝ መንገዱን ይጠቁማል፣ ቀሪው ሽቦውን መከተል ነው። ሁሉም ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ ዲናሞውን መጠርጠር ነው። ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞ ሞተሩ ጠፍቶም ከባትሪው ይስባል። አንድ የቆየ ባለሙያ ቴስተር ሳያነሳ በፊት ጠዋት እጁን ዲናሞው ላይ ያሳርፋል። ሌሊቱን የቆመ መኪና ዲናሞ ለብ ካለ የሚበላውን አገኘው ማለት ነው።

*

ግማሽ አምፔር ትንሽ ይመስላል። ከቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት 36 ሰዓት ነው፤ ይህ 18 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 70 ባትሪ ሩቡን ያህል አጣ። ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም 70 አልነበረውም። በሥራ ቀን ዲናሞው ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ለዚህ ነው ባትሪ ሰኞ ሰኞና በበዓል ማግስት የሚሞተው፤ ሾፌሩም «ትናንትና እኮ ደህና ነበር» የሚለው።

*

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የቴፕ ጉዳይ ነው። ኤንፒአሩ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥሎ። ቴፑ ደግሞ 12 ነው። ገጣሚው ምን ያደርጋል? ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቀንጥሶ ይወስዳል። ቴፑ ያምራል፣ ሾፌሩ ይደሰታል፣ ገጣሚው ይሄዳል። ዲናሞው ግን ሁለቱንም እንደ አንድ ነው የሚሞላቸው። ቴፕ የሚመግበው ባትሪ መቼም አይሞላም፤ ጎረቤቱ ከመጠን በላይ ይሞላና ውሃውን እያፈላ ይጨርሳል። ሁለቱን ለየብቻ መለካት በቂ ነው፦ አንዱ 12.7፣ ሌላው 12.1 ካለ ሌባው ጋቢና ውስጥ እየዘፈነ ነው።

ባለንብረቱ የሞተውን አንዱን ባትሪ ብቻ ይቀይራል። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያጣምራል። የቴፑ ሽቦ እዚያው ነው። 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ከባትሪ ይረክሳል፤ ግን እሱም ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት ወሬ ይጠይቃል።

*

አንድ ኤንፒአር ላይ ያየሁት፦ ግንባሩ ላይ ፓውዛ፣ በቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ዙሪያ ሰማያዊና ቀይ መብራት፣ ማንቂያ ደወል፣ ጂፒኤስ፣ የስልክ ቻርጀር። ግማሹ በቁልፍ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪ የተጎተተ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት ጨምሯል፤ የቀነሰ የለም።

*

የፈሰሰ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ሸጎሌ የከብት ገበያ ዙሪያ ተራ እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ የሚያድር ሾፌር ሬዲዮ ይሰማል፣ ስልክ ይሞላል፣ መብራት አብርቶ ሒሳብ ይሠራል። ይህን ለኤሌክትሪሺያኑ አይነግርም፤ ስለማይጠየቅ።

*

ብርዱን እናማዋለን። ብርድ ግን በአብዛኛው ምስክር ነው። ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው፦ የአፋር መንገድ፣ የሰመራ ፀሐይ፣ የጋለ ሞተር። ውስጡ እዚያ ያረጃል። ኅዳር ላይ ሸጎሌ ሲያድር ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖ የበለጠ ይጠይቃል፣ ባትሪው ያነሰ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ጉዱ ይወጣል።

*

በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ያለው አሮጌ መኪና እስኪያልቅ ይጠገናል ማለት ነው።

በቅርቡ ያችው ጋራዥ በር ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማ አየሁ። ከወለሏ በታች ያለው ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፤ እሱን የምታነቃው ትንሿ ባለ 12 ግን ወርዳለች፣ ስለዚህ በሩ እንኳ በወጉ አይከፈትም። አንድ ኤንፒአር ጎኗ ተጠጋ፣ ኬብል ወጣ። ኤሌክትሪሺያኑ ከውስጥ ጮኸ፦

«አንተ ልጅ! ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሳብ፤ ከሁለቱ ብትስብ የሰው መኪና ታቃጥላለህ!»