ስምንትና ስምንት አራት ሲሆን

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ቃልን ሰምና ወርቅ ለይቶ መመርመር ይለምዳል፤ ቁጥርን ግን እንደ ተጻፈ ይቀበለዋል። በእስፒከር ጀርባ የሚጻፈው ቁጥር ከዚህ ልማድ የወጣ ነው።

በሰፈራችን አንድ ባለጸጋ ለልጁ ክርስትና ሲደግስ የቤቱን ሆም ቴአትር አምፕሊፋየር ወደ ድንኳን አወጣና፥ በግራና በቀኝ በነበሩት እስፒከሮች ላይ አንዳንድ ጨምሮ አሳሰረባቸው። ከጧት ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርገው ሲያስጮሁት ውለው ወደ ማታ ዝም አለ። ጠጋኙ ወጣት የተቃጠሉትን ትራንዚስተሮች ለውጦ መለሰለት፤ በሳምንቱ ለሌላ ግብዣ እንደዚያው ታስሮ ሲሠራ ዳግመኛ ተቃጠለ። ባለጸጋውም «አሮጌ ዕቃ ገጥሞ አታለለኝ» ብሎ የቀረውን ዋጋ ከለከለው። የወጣቱ ስም ጠፋ፤ ደንበኞቹም ይሸሹት ጀመር። ለዕርቅ ከተጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

የከሳሹ ማስረጃ ለጆሮ የሚጥም ነበር። «አምፕሊፋየሩ ከ6 ኦም አይነስ ይላል፤ የእኔ እስፒከሮች እያንዳንዳቸው 8 ኦም ናቸው፤ ስምንት ከስድስት አይበልጥምን?» አለ። ወጣቱ «አባቶቼ፥ ሁለት ስምንቶች ጎን ለጎን ሲታሰሩ አራት ይሆናሉ» ሲል ከመካከላችን የሳቁ ነበሩ።

እውነቱ ግን ከወጣቱ ጋራ ነበር። ኦም የሚባለው መለኪያ በጀርመናዊው መምህር በጌኦርግ ሲሞን ኦም ስም የተጠራ ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት በግፊቱ መጠን እንደሚበዛ፥ በተቃውሞውም መጠን እንደሚያንስ አስረዳ። በተለዋዋጭ ፍሰት ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ደግሞ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1886 «ኢምፔዳንስ» ብሎ ሰየመው። የቃሉ ሥር ሮማይስጥ፥ ጥንተ ትርጓሜውም እግርን ማሰር ነውና፥ በቋንቋችን «እንቅፋት» ብንለው ከዚህ የቀረበ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ ቁጥሩ የእንቅፋቱን መጠን እንጂ የእስፒከሩን ጉልበት አይነግርም። በክብረ በዓል ሕዝቡ በአንድ በር ሲወጣ ይጨናነቃል፤ እኩል የሆነ ሁለተኛ በር ቢከፈት ጭንቁ በግማሽ ይቀላል። ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት እስፒከሮችም እንዲሁ ናቸው። አምፕሊፋየሩ 24 ቮልት ቢሰጥ በ8 ኦም 3 አምፔር፥ በ4 ኦም ግን 6 አምፔር ያልፋል፤ ይህን ሁሉ የሚያወጣው ያው አንዱ ዕቃ ስለ ሆነ ይግላል፤ መከላከያ ያለው እንደ ሆነ ራሱን ያጠፋል፤ የሌለው ይቃጠላል። ሁለቱ በተከታታይ ቢታሰሩ 16 ይሆናሉ፤ ድምፁ ዝግ ይላል እንጂ ዕቃው አይጎዳም።

ይህን በወረቀት አስልተን ስናሳየው ባለጸጋው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና የቀረውን ዋጋ ከፈለ። ስም ያጠፋው በሰፈር ሁሉ ፊት ስለ ነበር በዕድር ስብሰባ ቆሞ እንዲናገር ፈረድንበት፤ ተናገረም።

የአምፕሊፋየሩና የእስፒከሩ ቁጥር ፍጹም ትክክል ካልሆነ አይሠራም የሚሉ ሰዎች አሉ። በቀድሞው ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ዘመን ይህ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ለ4፥ ለ8፥ ለ16 ኦም የተለያየ መግጠሚያ ይደረግለት ነበርና። ዛሬ በትራንዚስተር ለሚሠራው ዕቃ የሚያስፈልገው ከተጻፈው አለማነስ ነው። እኔ ይልቅ የምፈራው ከስብስባቸው ተለይተው የሚሸጡትን ትንንሽ የሆም ቴአትር እስፒከሮች ነው፤ ከእነርሱ መካከል 3 ወይም 4 ኦም የሆኑ አሉና፥ ለገዛ አምፕሊፋየራቸው እንጂ ለሌላው አልተሠሩም። ጽሕፈቱ የተላጠ እንደ ሆነ በቴስተር ይለካል። በባለ 8 ኦሙ ላይ 6 ገደማ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ቴስተሩ የሚያነበው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው፤ እንቅፋቱ ግን ከድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ጋራ ከፍና ዝቅ ይላል።