የእንቁልጢ ቴራቶማ፦ ከአስፈሪ ስም ወደሚነበብ ምስል

ከሕክምና ቃላት መካከል የሰውን ልጅ ድንጋጤ ከነስሙ የተሸከመ ቢኖር «ቴራቶማ» ነው። ቃሉ «አስፈሪ ፍጡር» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ለእጢ ስያሜ ያደረገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆ ነው። በሴት እንቁልጢ ውስጥ ጠጉር፣ ጥርስና ቅባት የቋጠረ ከረጢት ማግኘት ዛሬም ያስደነግጣል። ድንጋጤው ወደ ጥርጣሬ ሲለወጥ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል፤ በአንዲት ልጃገረድ ሆድ ውስጥ ጥርስ ታየ ሲባል እርግዝናን የሚያስብ ቤተሰብ ሊኖር ይችላልና። ነገር ግን እጢው የሚነሣው ካልጸነሰ የዘር ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የመለወጥ ዐቅም ስላለው፣ ያለ ወንድ ዘር ቆዳም፣ አጥንትም፣ የነርቭ ሕብረ ሕዋስም ሊያበጅ ይችላል።

አብዛኞቹ የእንቁልጢ ቴራቶማዎች የበሰሉና ካንሰር ያልሆኑ ናቸው፤ ወደ ካንሰር የሚለወጡት ከመቶ 1 እስከ 2 ያህሉ ብቻ ናቸው። ይበልጥ የሚያሰጋው እንቁልጢው ከነእጢው ተጠማዝዞ የደም ዝውውሩ መቋረጡ ነው። ከመቶ 10 በሚሆኑት ታካሚዎች እጢው በሁለቱም በኩል ስለሚገኝ፣ ጥያቄው እጢውን ማውጣት ብቻ ሳይሆን ጤናማውን የእንቁልጢ ክፍል ማትረፍም ነው። የምስል ምርመራ የሚመዘነው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው ደማቅ ጉብታ፣ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ቀጭን መስመርና ነጥብ የተበተነው ጠጉር፣ እንዲሁም ከጥርስ ወይም ከአጥንት በስተጀርባ የሚወድቀው ጥላ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ይሁንና ጥላው ራሱ ያታልላል። የእጢው የላይኛው ገጽ የድምፅ ሞገዱን ሲያስቀር የታችኛው ክፍል ይሰወራል፤ ትልቁ እጢ ትንሽ መስሎ ይታያል፣ ወይም የአንጀት አየር ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ መርማሪው ያየውን ብቻ ሳይሆን ያላየውንም መጠየቅ ይኖርበታል።

ጥርጣሬ ሲኖር ሌሎቹ መሣሪያዎች ይከተላሉ። በሲቲ ስካን የጥግግት መለኪያ የውሃ ልክ ዜሮ ሲሆን ስብ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በእንቁልጢ እጢ ውስጥ ስብ መገኘቱ ደግሞ ለምርመራው ጠንካራ ማስረጃ ነው። በኤምአርአይ ስብም የቆየ ደምም በአንድ ዐይነት ምስል ላይ ደምቀው ስለሚታዩ፣ ቴራቶማ ደም ከቋጠረው ኢንዶሜትሪዮማ ጋር ሊምታታ ይችላል። የስብን ድምቀት የሚያጠፋው ስልት ይህን ይለያል፤ ስቡ ሲጠቁር ደሙ እንደደመቀ ይቀራል።

የጉዳዩ ክብደት ከማሕፀን አካባቢ አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆሴፕ ዳልማውና የሥራ ባልደረቦቹ ከቴራቶማ ጋር የተያያዘ የአንጎል ብግነት ገልጸዋል። በእጢው ውስጥ ያለው የነርቭ ሕብረ ሕዋስ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ በራሱ አንጎል ላይ ያዘምተዋል። ታካሚዋ በድንገት ትቃዣለች፣ ባሕርይዋ ይለወጣል፣ ያንቀጠቅጣታል። የአእምሮ ሕመም ብቻ ተብሎ ሊታለፍ በሚችል በዚህ ሁኔታ፣ የዳሌ አካባቢ ምስል ምንጩን ሊያመለክት፣ እጢው መውጣቱም ለመዳን መንገድ ሊከፍት ይችላል።

እንግዲህ ጥሩ የምስል ንባብ ለእጢው ስም ከመስጠት ያለፈ ተግባር አለው። ለቀዶ ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ ለታካሚዋ ምን እንደሚተርፍላት፣ ለቤተሰቧም ምን መጠርጠር እንደማይገባው ይናገራል።