ለነገ የተባለ ደመወዝ

ደመወዝ ማለት ወር ሲሞላ በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ ነው ብለን ላደግን ሰዎች በዘመናችን አንድ እንግዳ ነገር መጥቶብናል። ይኸውም ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው በደመወዝ ፈንታ፥ ወይም በደመወዝ ላይ በጭማሪነት፥ የአክሲዮን ተስፋ መስጠታቸው ነው። ነገሩ በአሜሪካና በአውሮፓ የቆየ ልማድ ሲሆን፥ በእኛ አገር፥ ይልቁንም እዚህ አርባ ምንጭ ለምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች፥ ከስሙ በቀር እምብዛም አይታወቅም። እኔም በሒሳብ ክፍል ብዙ ዓመት ሳገለግል ስለ ጉዳዩ በመጽሐፍ አነበብሁ እንጂ በወረቀት ተጽፎ ለሰው ሲሰጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የእህቴ ልጅ አንድ ደብዳቤ ይዞ ከጨንቻ ወረደ።

ልጁ እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርቱን የጨረሰ ነው። እናቱ ጥጥ እየፈተለች አስተማረችው፤ ከእሱ በታች ገና ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ ስለዚህ የእሱ ደመወዝ የእሱ ብቻ አይደለም። ደብዳቤውን የጻፈለት አዲስ አበባ ያለ አንድ አዲስ ኩባንያ ሲሆን ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። የሚከፍለው ደመወዝ ሌሎች ለዚያው ሥራ ከሚከፍሉት በወር 3,000 ብር ያነሰ ነው። በዚህ ፈንታ አራት ዓመት ሲያገለግል አንዱ በ100 ብር የሚገመት 1,200 አክሲዮን «በስጦታ» ይሰጠዋል። አራቱ ዓመት ሳይሞላ ከወጣ ግን ምንም የለውም።

«አጎቴ፥ የኩባንያ ባለቤት ልሆን ነው፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

እርሳስ አንሥቼ 3,000 ብርን በ48 ወር አባዛሁት፤ 144,000 ብር መጣ። 1,200 አክሲዮን ደግሞ ኩባንያው ራሱ በሰጠው ግምት 120,000 ብር ነው። ልጁ ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። ስጦታ የተባለው የገዛ ደመወዙ ነበር፤ ያውም 24,000 ብር ጎድሎለት።

በመሠረቱ እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ ዓይነቱ ውል የራቅን አይደለንም። በጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ነገር ግን የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ግዴታ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው መብቱ ገና አልጸናም። እንግዲህ ኩባንያ የሚሰጠው ገደብ ያለበት አክሲዮን የዚህ ዘመድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ የተሰጠ ነው፥ ግን ገና ያንተ አይደለም።

የጋሞ ደጋ ሰውማ ይህን ነገር ከሒሳብ መጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። ከዶርዜና ከጨንቻ ሄደው ሽሮ ሜዳ በተቀመጡ ሸማኔዎች ዘንድ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ እየበላና እያደረ ይሠራል፤ በመጨረሻም የራሱ የሸማ ዕቃ ተገዝቶለት እንዲወጣ ተስፋ ይሰጠዋል። ከዘመዶቼ መካከል ተስፋው የተፈጸመለት አለ። አራት ዓመት መወርወሪያ ሲወረውር ኖሮ ባዶ እጁን የወጣም አለ፤ የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም። ለሒሳብ ሰው ግን ከግፉ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። አሠሪው በእነዚያ አራት ዓመታት ሸማውን እየሸጠ «ትርፌ ይህን ያህል ነው» ሲል፥ ለልጁ የሚገዛለትን ዕቃ ዋጋ ከትርፉ ላይ አንድም ቀን አልቀነሰም። ስለዚህ ትርፉ ትርፍ አልነበረም፤ ግማሹ የልጁ ጉልበት ነበር።

የአክሲዮን ደመወዝ የሒሳብ ጥያቄም ይኸው ነው። ተስፋው መቼ ነው ወጪ ተብሎ የሚጻፈው? ገንዘብ ከካዝና አልወጣምና በጭራሽ አይጻፍ የሚሉ ነበሩ። አክሲዮኑ በሠራተኛው እጅ ሲገባ፥ በአራተኛው ዓመት፥ ይጻፍ የሚል ሰውም አይጠፋም። ዛሬ የጸናው ደንብ ግን ከሁለቱም ይለያል። የአክሲዮኑ ተገቢ ዋጋ በተሰጠበት ቀን ይለካል፤ ከዚያም ሠራተኛው ሥራውን በሚሰጥባቸው ዓመታት ላይ እየተከፋፈለ ወጪ ይሆናል። ኩባንያው ጉልበቱን የሚቀበለው በየቀኑ ስለ ሆነ ዋጋውም በየዓመቱ መጻፍ አለበት።

ለልጁ እንዲህ አድርጌ አሳየሁት። አንድ አክሲዮን ማኅበር ለአሥር ሠራተኞች፥ ለእያንዳንዳቸው 200 አክሲዮን፥ ሦስት ዓመት ቢያገለግሉ ሊሰጥ ቃል ገባ እንበል፤ የዕለቱ ዋጋ 150 ብር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ሹሙ ሁለቱ ሳይጨርሱ ይወጣሉ ብሎ ገመተ። የስምንቱ ድርሻ 240,000 ብር ነው፤ ሲሶውን፥ 80,000 ብር፥ ወጪ ብሎ ይጽፋል። በሁለተኛው ዓመት የሚቀሩት ሰባት ብቻ መስለው ከታዩት ጠቅላላው 210,000 ይሆናል፤ ከዚህ ሁለት እጅ 140,000 ነው፤ አምና የተጻፈውን 80,000 ሲቀንስ የዓመቱ ወጪ 60,000 ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ሰባቱ ከጸኑ የቀረው 70,000 ይጻፋል። በሌላው ወገን፥ በክሬዲት በኩል፥ የሚጨምረው የባለቤቶች ካፒታል ነው፤ ኩባንያው የሚሰጠው የራሱን አክሲዮን ነውና። የተገባው ቃል «የአክሲዮኑን ዋጋ ያህል በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን» ከሆነ ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውም እስኪከፈል ድረስ በየዓመቱ መጨረሻ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ይለካል።

«ዋጋው ከ150 ወደ 50 ብር ቢወድቅስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በአክሲዮን የሚከፈል ከሆነ ወጪው አይቀነስም፤ በተሰጠበት ቀን የተለካው እንደ ጸና ይቀራል። ልጁ ይህ አልተዋጠለትም፤ እኔም አልፈርድበትም። የሒሳብ መዝገብ የሚነግረን ኩባንያው ለሥራው የተስማማበትን ዋጋ ነው፤ በሠራተኛው ኪስ የቀረውን ከዚያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ያከራከረው ሁለተኛው ዓይነት፥ ማለት አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። የላንቴ ወይም የጫኖ ባለ ማሳ ዘንድ ሄዶ «ሙዝህን ከሦስት ወር በኋላ በዛሬው ዋጋ እገዛለሁ፤ ባልፈልግ እተወዋለሁ» የሚል ነጋዴ ቢኖር፥ ባለ ማሳው ይህን መብት በነፃ ይሰጠዋልን? ዋጋ ቢወጣ ነጋዴው ያተርፋል፤ ቢወርድ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ባለ ማሳው ቀብድ ይጠይቃል፤ ያም ቀብድ የመብቱ ዋጋ ነው።

አሜሪካኖች ግን ይህን ለመቀበል ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። (በዚህ አንቀጽ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1972 በወጣው ደንብ የወጪው ልክ በዕለቱ የገበያ ዋጋና በመግዣው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነበር። ሁለቱን እኩል ያደረገ ኩባንያ ሚሊዮን የመግዛት መብት ቢያድልም ወጪው ዜሮ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1973 ብላክ፥ ሾልስና ሜርተን የተባሉ ሊቃውንት የእንዲህ ያለውን መብት ዋጋ ማስሊያ መንገድ ስላወጡ «መለካት አይቻልም» የሚለው ሰበብ ደከመ። ይሁን እንጂ የሒሳብ ደንብ አውጪው ቦርድ ወጪው ይጻፍ ብሎ ሲነሣ ኩባንያዎች ጮኹ፤ በ1994 የአሜሪካ ሴኔት 88 ለ 9 በሆነ ድምፅ ሐሳቡን ተቃወመ። ቦርዱም በ1995 ወደ ኋላ ብሎ፥ በሒሳቡ ውስጥ የማይጽፍ በማብራሪያ ይግለጽ ሲል ፈቀደ። የሒሳብን ጥያቄ በድምፅ ብልጫ መቁረጥ ለእኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከኤንሮንና ከወርልድኮም ውድቀት በኋላ ግን ተከራካሪው ቀነሰ። ማይክሮሶፍት በ2003 የመግዛት መብት መስጠቱን ትቶ አክሲዮኑን ራሱን መስጠት ጀመረ። በየካቲት 2004 ዓለም አቀፉ ደንብ፥ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 2 የሚባለው፥ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የአሜሪካው ተከተለ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ዓለም አቀፉ ደንብ የእኛም ደንብ ሆኗል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው ቀለል ያለ ደንብ ውስጥ እንኳ ለአክሲዮን ክፍያ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፥ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ ተመዝግቧል። ኢትዮ ቴሌኮምም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሸጧል። እንዲህ በገበያ ዋጋው የታወቀ አክሲዮን የተሰጠው ሠራተኛ ምን እንደ ተሰጠው ያውቃል። ገበያ ያልወጣ ድርጅት ግን «አንዱ 100 ብር ነው» ሲል ማን ገመተው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ልጁ ያመጣውን ደብዳቤ እንደገና ሳነበው ከግርጌው ያለው ማኅተም «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ይላል። ይህ አክሲዮን ማኅበር አይደለም። በንግድ ሕጋችን፥ በ1952 ዓ.ም. በወጣውም ሆነ በተተካበት አዋጅ ቁጥር 1243/2013፥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አባሎቹ ከ50 አይበልጡም፤ ድርሻውንም ለሕዝብ አቅርቦ መሸጥ አይችልም። እንግዲህ ልጁ ከአራት ዓመት በኋላ በእጁ የሚገባው፥ ቢገባ፥ ገበያ ወስዶ የማይሸጠው ድርሻ ነው። ከዚህም በቀር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ በዓይነት ሲከፈል በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የድርሻ ተስፋ «በዓይነት» ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ለሕግ ዐዋቂ እተወዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ከሴቻ ቁልቁል አባያ እየታየን ተቀምጠን ደብዳቤ አረቀቅን። ድርሻው በማኅበርተኞች ቃለ ጉባኤ ጸድቋልን? ዋጋውን የገመተው ማን ነው? በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይጸናል ወይስ በአራተኛው ዓመት በአንድ ጊዜ? በዓመቱ ሒሳብስ ወጪ ተብሎ ተጽፏልን? ልጁ መጨረሻውን ጥያቄ «ይቆጡኛል» ብሎ ሊሰርዘው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ቃሉን በመዝገቡ የጻፈ ኩባንያ ኦዲተር ሲመጣ ሊክደው ይቸግረዋል፤ ያልጻፈ ግን ከባለቤቶቹም ከሠራተኞቹም የደበቀው ነገር አለ።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ቃለ ጉባኤ አልነበረም፤ ዋጋውን የገመቱት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው፤ በሒሳብም አልተጻፈም፥ «ገንዘብ ስላልወጣ»። ይሁን እንጂ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ደመወዙ ላይ 2,000 ብር ጨመሩ፤ ድርሻውም በየዓመቱ 300 እየሆነ እንዲጸና በቃለ ጉባኤ አጽድቀው ግልባጩን ላኩ። ልጁ ፈርሞ ገባ። የመጀመሪያው 300 የሚጸናው በመጪው መስከረም ነው፤ ኦዲት የተደረገውን ሒሳብ ግልባጭ እንዲልክልኝም አደራ ብዬዋለሁ።