ከባሕር በታች ካለ አገር የተማርሁት

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ መጠን፥ ስለ ሆላንድ ታሪክና ባህል ለሦስት ሳምንት የሚሰጥ ትምህርት ለመካፈል ላይደን ወደምትባለው ከተማ ሄጄ ነበር። ያየሁትን ከመተረኬ በፊት ግን በሰፈሬ ያደረግሁትን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባምና።

ከመንደራችን ግርጌ አንዲት ጅረት አለች። በበጋ ሕፃናት ይዘልሏታል፤ በክረምት ግን ትቈጣለች። ዳሯን የሚደግፈው የድንጋይ ግንብ ስለ ተሰነጠቀ የእድራችን ዳኛ ለማሳደሻው መዋጮ ሲሰበስቡ ወደ እኔም መጡ። እኔም «አባባ፥ የኔ ቤት ከአቀበቱ ላይ ነው፤ ጎርፍ የማይደርስበት ሰው ስለ ምን ይከፍላል?» አልኋቸው። እሳቸውም «ይሁን ልጄ፤ መንገድህን ያቅናልህ» ብለው ሄዱ።

ላይደን የቦይ ከተማ ናት። ውኃው በቤቶቹ መካከል እንደ መንገድ ተዘርግቷል፤ ሕዝቡም ሽማግሌው ሳይቀር በብስክሌት ይሄዳል። ከአገሪቱ ምድር ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ኪንደርዳይክ በሚባለው ስፍራ 19 የነፋስ ወፍጮዎች አየን፤ አብዛኞቹ በ1740 ገደማ የተሠሩ ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) እኔ እህል የሚፈጩ መስለውኝ ነበር፤ ለካ የተሠሩት ከዝቅተኛው መሬት ውኃ እየቀዱ ወደ ወንዙ ለማፍሰስ ኖሯል። በአምስተርዳም ደግሞ ሬምብራንት በ1642 የፈጸመውን «የሌሊት ዘብ» የተባለውን ታላቅ ሥዕል ተመለከትን። መምህራችን በሥዕሉ ያሉት የከተማው ዘበኞች ዋጋውን ራሳቸው አዋጥተው እንዳሠሩት ሲነግሩን፥ መዋጮ የሚለው ነገር ጆሮዬን ቈነጠጠኝ።

ቀጥሎም ስለ ውኃ ማኅበራት ተማርን። ግድባቸውንና ቦያቸውን በጋራ ይጠብቁ ዘንድ ሰዎች ያቋቋሟቸው እነዚህ ማኅበራት እጅግ የቈዩ ናቸው፤ የላይደን አካባቢው፥ ራይንላንድ የሚባለው፥ በ1255 አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ዛሬ በአገሪቱ 21 ማኅበራት አሉ። ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ አስተዳዳሪዎቻቸውን ይመርጣል፤ ግብራቸውንም ለብቻው ይከፍላል። በኮረብታ ላይ የሚኖረውም ይከፍላል። «ግድብ የማይሠራ ይልቀቅ» የሚል የቈየ ተረትም አላቸው፤ ድርሻውን እምቢ ያለ ሰው መሬቱን ትቶ የሚሄድበት ዘመን ነበረና።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ዜላንድ ወሰዱን። በዚያ አገር በ1953፥ ከጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ፥ ከሰሜን ምዕራብ የመጣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ከባሕሩ ሙላት ጋር ገጥሞ ግድቦቹን በብዙ ስፍራ ሰበራቸው። ሌሊቱ የቅዳሜ ለእሑድ ነበረ፤ ሬዲዮኑም በሌሊት ስለማይናገር ብዙ ሰው በተኛበት ውኃው ደረሰበት። በሆላንድ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ዮሐን ፋን ፌን የሚባል መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅ ያሉ መሆናቸውን ከዚያ በፊት ደጋግሞ አስጠንቅቆ ነበር። የመጨረሻው ስባሪ አውወርኬርክ በተባለው መንደር አጠገብ የተዘጋው በኖቬምበር ወር ነው፤ የተዘጋባቸውም እንደ ቤት የገዘፉ አራት የሲሚንቶ ሣጥኖች ዛሬ የመታሰቢያ ሙዚየም ሆነዋል።

በዚያ ያገኘናቸው አንዲት አሮጊት በዚያ ሌሊት የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር በጣራ ላይ ሆነው ሲነጋ፥ የጎረቤታቸው ቤት ከነበረበት ስፍራ ውኃ ብቻ እንዳዩ ነገሩን። «ግድቡ የተሰበረው በእኛ በኩል አልነበረም፤ ውኃ ግን የማን ድርሻ ነው ብሎ አይጠይቅም» አሉን።

ከዚያም በ1986 የተመረቀውን የኦስተርስኼልደ መዝጊያ አሳዩን። ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 62 የብረት መዝጊያዎች አሉት፤ በደኅና ቀን ክፍት ናቸው፥ ማዕበል ሲመጣ ይዘጋሉ። ሌሎች ሲያደንቁ እኔ ግን ይህ ሁሉ የተሠራው ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ መሆኑን አሰብሁ።

ሁለት ቀን ሳያልፍ ባለቤቴ ደወለችልኝ። የጅረታችን ግንብ በሌሊት ተንዶ ነበር። ከታች ብቻቸውን ከሚኖሩት እማማ ቤት ውኃው ገብቶ የክረምት ቀለባቸውን አበላሽቶባቸዋል፤ እሳቸውን ግን የሰፈር ወጣቶች አዝለው አወጧቸው። «አሁን ከእኛ ዘንድ ናቸው፤ አልጋችንን ለቅቄላቸዋለሁ» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በተመለስሁ ማግሥት የመዋጮውን እጥፍ ይዤ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድሁ። ገንዘቡን ቈጥረው ግማሹን መለሱልኝ። «ድርሻህ ይህ ነው፤ በትርፉ ከወቀሳ አትድንም። ይልቅ ዝናቡ ሲያባራ አካፋ ይዘህ ና» አሉኝ። በጥቅምት ግንቡን ስንሠራ እኔም ድንጋይ አቀበልሁ፤ እማማም ቡና አፍልተው አጠጡን።

አባቶቻችን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እኔን ያሳሳቀኝ የቤቴ ከፍታ ነበር። እንግዲህ ከፍ ባለ ስፍራ የምትኖሩ ወገኖቼ፥ ክረምቱ ሳይገባ ከበታቻችሁ ማን እንዳለ ጠይቁ፤ እኔ ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አስፈልጎኛል።