የፍየል ጭራ ዓሣ ሲሆን

ሰቆጣ ላይ ፍየል ሲታረድ ሰው ሥጋውን ያያል፤ እኔ ጭራውን። የአበርገሌ ፍየል ነጭ ጸጉር መንጠቆ ላይ በክር ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ከላይ ቡናማ ሲደረብበት፣ ውኃ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ይመስላል፦ ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ቋጠሮውን የጥፍር ቀለም እቀባዋለሁ፤ (የእህቴን፣ እሷ ሳታይ)።

ይህ ማታለያ ለዓሣ በል ዓሣ ነው፤ ከጣና ሐይቅ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ የሚያደቁት በጉሮሯቸው ነው። ስለዚህ ማታለያው አጭርና ቀጭን ይሁን። አሳሳቡም ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ።

በእኛ አካባቢ ግን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ አጥማጆቻችን የሚተማመኑት በመረብ ነው። መረብ ቤተሰብ ያበላል፤ የእኔ መንጠቆ ጨዋታ ነው። ነጭ የፍየል ጭራ የምትጥሉ ግን እባካችሁ አስቀምጡልኝ።