ገንዘብና ገመና

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚለወጡ፣ አዲስ የ200 ብር ኖትም እንደሚወጣ ሲታወጅ፣ በየቤቱ በሣጥንና በፍራሽ ሥር የተኛው ጥሪት ሁሉ በድንገት ተነሣ። ከ10 ሺህ ብር በላይ የያዘ ሰው ገንዘቡን በባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ ታዞ ነበርና፣ እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት ወይዘሮም የዓመታት ጥሪታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በነጠላቸው ሸፍነው ከሰልፉ ቆሙ። ገንዘቡ ለሴት ልጃቸው ትምህርት ሲሉ ከባለቤታቸው እንኳ ሰውረው ያስቀመጡት ነበር።

ተራቸው ደርሶ መታወቂያቸውን በመስኮቱ ሲያቀብሉ፣ ሠራተኛዋ አይታው ብቻ አልመለሰችም፤ ፎቶ ኮፒ አስነሣችው። ቅጂው ከሌሎች ቅጂዎች በላይ፣ መስኮቱ ዘንድ የቀረበ ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ ተቀመጠ። የገንዘቡም ልክ ጮክ ተብሎ ተነገረ። ከኋላቸው የጎረቤታቸው ልጅ ቆሞ ነበር።

ባንክ ደንበኛውን ማወቁ ተገቢ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780 በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ሕጋዊ መስሎ እንዳይዘዋወር፣ ባንኮች የደንበኞቻቸውን ማንነት እንዲያረጋግጡና ማስረጃውን እንዲያቆዩ ያዝዝ ነበር። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ ማጋለጥ ሌላ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ስምና ፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። የቤት ቁጥር ይገኝበታል፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ሰው ስም ይገኝበታል፤ ብዙዎቹም ለረጅም ዘመን ብሔርን ይመዘግቡ ነበር። በወይዘሮዋ መታወቂያ ላይ የተጻፉት ተጠሪ፣ ገንዘቡ የተሸሸጋቸው ባለቤታቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለማስገባት ምን ይፈይዳል?

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለታለመለት ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ ይደነግጋል። ከ2017 ዓ.ም. አንሥቶ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የሚጠየቀው የፋይዳ ቁጥርም የወረቀቱን ክምር ያቃልል ይሆናል። ይሁን እንጂ አዋጅ ነፍስ የሚዘራው በመስኮቱ ዘንድ ነው፤ ቅጂውን ደፍታ የምታስቀምጥ፣ የገንዘቡን ልክ በለሆሳስ የምትናገር ሠራተኛ ስትገኝ።

ወይዘሮዋ የቁጠባ ደብተራቸውን ተቀብለው ሲወጡ፣ የጎረቤታቸው ልጅ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እማማ!» አላቸው። ክፋት አልነበረበትም። እሳቸውም አመስግነው፣ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ስበው ወጡ።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤታቸው አስቀድመው የጠየቁት ስለ እራት አልነበረም።